ደም ለመቅዳት መሠልጠን፦ ሰርተፊኬቱ የትኛውን በር ይከፍታል?

ቴሌግራም ከፍቶ የሚውል የጎጃም ወጣት ሰሞኑን የማያጣው ማስታወቂያ አለ። በጥቂት ሳምንት ደም መቅዳት እናስተምራለን፣ ውጭ አገር የሚሠራ ሰርተፊኬት እንሰጣለን ይላል። ስሙ ፍሌቦቶሚ ነው። ከጎኑ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ፎቶ፣ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር።

ማስታወቂያው ሰሚ ያገኘው እንዲሁ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ተሻሻለ ከተባለ ተሻሽሏል። ያም ሆኖ ከመቶው ልጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ውጤቱን ባየ ማግስት «አሁንስ ምን ልሁን?» ማለቱ አልቀረም። እኛ አካባቢ ደግሞ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ትምህርቱም፣ መንገዱም፣ ኢንተርኔቱም ሲቆራረጥ ነው የከረመው። ልጅ ቤት ሲውል እናት ትጨነቃለች። ቶሎ የሚያልቅ፣ ቶሎ ደመወዝ የሚያስበላ ነገር ይፈለጋል። በዚህ መሀል ከሲያትል ወይም ከሜሪላንድ ዘመድ ይደውልና «እዚህ እኮ ደም እየቀዱ የሚኖሩ ሐበሾች አሉ፣ ለምን እሱን አትማርም?» ይላል።

ዘመድ አልዋሸም። ችግሩ እሱ የሚያወራው ሥራ እዚህ አገር በዚያ መልኩ አለመኖሩ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መለየት ያለበት ይሄ ነው፤ የኮሌጁ ሕንፃ ማማርም፣ የክፍያው ርካሽነትም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እስቲ መጀመሪያ የአሜሪካውን እንየው። እዚያ ደም መቅዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደም ቀጂው ማይክሮስኮፕ አያይም፣ ውጤት አይጽፍም። ጠዋት ገብቶ ከታካሚ ታካሚ እየዞረ ይቀዳል፣ ደሙ የገባበት ብልቃጥ፣ ማለትም ቱዩቡ ላይ ስም ይለጥፋል፣ ወደ ላብራቶሪ ይልካል። በአገሪቱ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 መካከለኛ የዓመት ደመወዙ ከ43 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ለዚያ አገር ኑሮ ይሄ ሀብታም አያደርግም። ግን ዲግሪ ሳይጠየቅ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚያስገባ አዲስ የሄደ ሰው ይወደዋል።

ሕጉ ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያ፣ ሉዊዚያና፣ ኔቫዳ እና ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የመንግሥት ፈቃድ የሌለው ሰው በዚህ ሙያ አይሠራም። በቀሩት ግዛቶች ፈቃድ ባይጠየቅም ቀጣሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከታወቀ መዛኝ ድርጅት ሰርተፊኬት አምጡ ይላሉ። ስማቸው የሚነሳው ኤኤስሲፒ፣ ኤንኤችኤ፣ ኤኤምቲ እና ኤንሲሲቲ ናቸው። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ከአራቱ የየትኛው እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ «የራሳችን ነው፣ ግን ተቀባይነት አለው» ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ካሊፎርኒያ ልምድ የሌለውን አዲስ ሰው 40 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 40 ሰዓት የተግባር ልምምድ፣ ከደም ሥር 50 ጊዜ፣ ከጣት 10 ጊዜ መቅዳት ትጠይቃለች። ኤንኤችኤ ደግሞ በሕይወት ካለ ሰው ላይ 30 ጊዜ ከደም ሥር፣ 10 ጊዜ ከጣት መቅዳትህን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይፈልጋል። በፕላስቲክ ክንድ የወጋኸው አይቆጠርም። ቪዲዮ አይቶ፣ ኦንላይን ጥያቄ መልሶ የታተመ ወረቀትማ ከእነዚህ ፊት አይቀርብም።

ስለዚህ የጉዞ ጉዳዩ ያለቀለት ሰው እዚህ ተቀምጦ የአሜሪካን ፍሌቦቶሚ ለመማር ባይከፍል ይሻለዋል። የተግባሩን ክፍል መማር ያለበት እዚያው፣ ሊሠራበት ባሰበው ግዛት ሕግ ነው። እስከዚያው እንግሊዝኛውን ያጥብቅ። የትምህርት ማስረጃውን ከትምህርት ቤቱ በሥርዓቱ አውጥቶ ይያዝ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባቱን ጨርሶ ካርዱን ሻንጣው ውስጥ ይክተት። ሆስፒታሎቹ ከልምምድ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነው።

የዓረብ አገሩ ጉዳይ አጭር ነው። ኤምሬትስ፣ ሳዑዲና ኳታር የጤና ባለሙያ ሲቀበሉ ሰነዱን ዳታፍሎው በሚባል ሰነድ አጣሪ ድርጅት በኩል ያስጣራሉ። አጣሪው እናንተን አይጠይቅም። ወረቀቱን ወደሰጠው ተቋም ነው የሚሄደው። ተቋሙ መዝገብ ከሌለው ወይም ስልክ ካላነሳ ጉዳያችሁ እዚያው ላይ ይቆማል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እዚህ ደም የሚቀዳው ማን ነው? የወረዳ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ እዩ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሪኩዌስቱን፣ ማለትም የምርመራ ማዘዣውን ትቀበላለች፣ ጣት ትበጣለች፣ ስላይዱን ትቀባለች፣ ወባ መኖር አለመኖሩን በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ውጤቱንም ትጽፋለች። ሁሉም የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በተኝቶ ታካሚ ክፍል ነርሱ ይቀዳል፣ ማዋለጃ ክፍል አዋላጇ ትቀዳለች። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሲለጠፍም የሚጠራው የሕክምና ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ወይም ነርስ ነው። «ደም ቀጂ» የሚል መደብ ፍለጋ ሰሌዳ ለሰሌዳ መዞር ጫማ መጨረስ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሙያ አገር ውስጥ እንጀራ መብላት የሚፈልግ ልጅ የሚገባበት በር ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በኮሌጅ በኩል በደረጃ 4 የሕክምና ላብራቶሪ ወይም ነርሲንግ ተምሮ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን አልፎ፣ ከጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ነው። ሌላው የዩኒቨርሲቲው መንገድ ነው። የሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ያስተምሩታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ረጅም ነው? አዎ። ግን የሦስት ሳምንቱ መንገድ አጭር የሚመስለው መጨረሻው ላይ ምንም ስለሌለ ነው።

ኮሌጅ መምረጡ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሸወደው «እውቅና አለው ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አለው» ሲባል በመርካት ነው። እውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ የሥልጠና መስክ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ በአካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቶ ላብራቶሪ ላስተምር ቢል፣ የባሕር ዳሩ ፈቃድ አያድነውም። እናም ጥያቄው ተቆርጦ ይጠየቅ፦ በዚህ ከተማ፣ በዚህ መስክ፣ በዚህ ደረጃ ለዘንድሮ የጸና ፈቃድ አላችሁ? ወረቀቱን ካሳዩአችሁ ቀኑን አንብቡ። ከዚያ ፈቃዱን ሰጠ የተባለው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ይሄን አያደርግም። በግ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ የሚያይ አባት ለልጁ ሦስት ዓመት ሲከፍል ምን ያሳፍረዋል?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሲኦሲ ነው። ምዘናውን የሚሰጠው ያስተማራችሁ ኮሌጅ አይደለም። ጽሑፉም ተግባሩም በሌላ መዛኝ ፊት ነው፤ ውጤቱም ብቁ ነህ ወይም ገና ነህ የሚል ነው። ስለዚህ ባለፈው ዙር ስንት ልጅ አስመዘናችሁ፣ ስንቱ ብቁ ተባለ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥሩ ኮሌጅ ቁጥሩን ራሱ ነው የሚለጥፈው። ወሬውን ከሬጅስትራሩ ብቻ አትስሙ። አምና የተመረቁትን ፈልጋችሁ ቡና ጋብዟቸው፤ እነሱ ያወሩላችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ የምመዝነው በክንድ ቁጥር ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት የስንት ሰው ክንድ ያገኛል? ማን ቆሞ እያየው? የት ሆስፒታል? የትብብር ሥልጠና እያሉ ለሁለት ወር ደብዳቤ አስይዘው የሚበትኑ ኮሌጆች አሉ። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ ከሌላ ኮሌጅ የመጡ ብዙ ልጆች ቀድመውት ቆመዋል። አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከጀርባው የተማሪ መንጋ። እንዲህ ከሆነ ከኋላ የቆመው ልጅ ያየው የጓደኞቹን ማጅራት ነው። ኮሌጁ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው፣ በአንድ ዙር ስንት ተማሪ እንደሚልክ፣ የቀዳውን ቁጥር የሚሞላበትና ባለሙያ የሚፈርምበት መዝገብ መኖሩን ጠይቁ። መዝገቡ ከሌለ ልምምዱም ለስሙ ነው።

ፈለገ ሕይወት፣ ጥበበ ግዮን እና ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ብዙ ታካሚ የሚያዩ ሆስፒታሎች ናቸው። ብዙ ዓይነት ክንድ ይገኛል። ግን ትንንሾቹን አትናቁ። በወባ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቆላማ ወረዳ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ተማሪ ጣት መብጣትን እስኪጠግብ ይማራል። ወረፋውም የራሱ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ልምምዱ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከመኖሪያችሁ በእግር የሚደረስ ቦታ መመደብ ትልቅ ነገር ነው። ኮሌጁ የተቋረጠውን ጊዜ እንዴት እንደሚያካክስ ቀድሞ ይንገራችሁ።

ለምን ይሄን ያህል ስለ ክንድ አወራለሁ? ጎበዝ ባለሙያ ሲቀዳ ቆማችሁ እዩ። እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ዐቢይ ጾም ነው። እህልም ውኃም እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ጠዋቱ የደብረ ማርቆስ ብርድ ነው። ውኃ ያልጠጣ፣ የበረደው ሰውነት ደም ሥሩን ይደብቃል። ጀማሪው ወዲያው መርፌ ያነሳል። ጎበዟ ግን መጀመሪያ እጃቸውን በጋቢው ውስጥ እንዲያሞቁ ታደርጋለች። ከዚያ «እማማ የሺ ነዎት?» አትልም። በደንብ ያልሰሙ አዛውንት ለምን ብለው እምቢ ይላሉ? ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሌላ ሰው ውጤት ይወስዳሉ። «እማማ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ትላለች። ከሪኩዌስቱ ጋር ታመሳክራለች። የካርድ ቁጥሩንም ታያለች። እኛ አገር አንድ ወረፋ ላይ ሁለት የሺ አበበ ቢገኙ ማንም አይገርመው።

የክንድ ማሰሪያውን፣ ማለትም ቱርኒኬቱን ከክርን በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ታስራለች። ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆየውም። ከቆየ ደሙ እዚያው ይጠራቀምና ውጤቱ ይዛባል። ደም ሥሩን በዓይን ሳይሆን በጣት ትፈልጋለች። በአልኮል ትጠርግና እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ያልደረቀ አልኮል ያቃጥላል፣ ደሙንም ይሰብራል። መርፌውን ዘንበል አድርጋ ታስገባለች። ቱርኒኬቱን ፈትታ፣ መርፌውን አውጥታ፣ በጥጥ ታስጫናቸዋለች። ስሙን ቱዩቡ ላይ የምትጽፈው እዚያው፣ እማማ የሺ ከወንበሩ ሳይነሱ ነው። ቀድሞ ስም የተጻፈበት ባዶ ቱዩብ ለስህተት የተመቸ ነው። «ልጄ፣ ደሜን ጨረስሽው» ይሏታል። እሷ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ እንደማይሞላ ታሳያቸዋለች።

ይሄን የሚያስተምር ቪዲዮ የለም። እጅ ብቻ ነው የሚማረው።

የቱዩቦቹ ቅደም ተከተልም አለ። በክፍል ውስጥ እንደ ግጥም ይሸመደዳል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ቦታ አይነገርም። ደም ውስጥ ጀርም መኖሩ የሚታይበት የደም ካልቸር ይቀድማል። ቀጥሎ ሰማያዊ ክዳን፣ ከዚያ ቀዩ ወይም ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ፣ መጨረሻ ግራጫው። ወይን ጠጁ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ፖታሲየም አለው፣ ካልሲየምንም ይይዛል። ከእሱ ጥቂት ጠብታ ወደሚቀጥለው ቱዩብ ከተሻገረ የታካሚው ፖታሲየም ከፍ ብሎ፣ ካልሲየሙ ወርዶ ይታያል። ሐኪሙ የሌለ በሽታ ሊያክም ይነሳል። በሲሪንጅ በኃይል የተሳበ ወይም ክፉኛ የተናጠ ደም ቀይ ሕዋሱ ሲፈነዳም እንዲሁ ፖታሲየም ያሳብጣል። ሰማያዊው ደግሞ እስከ ምልክቱ ካልሞላ ዘጠኝ እጅ ደም ቱዩቡ ውስጥ ላለው አንድ እጅ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚለው ልኬት ይፈርስና የደም መርጋት ምርመራው ዋጋ ያጣል። ከላብራቶሪ ስህተት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ናሙናው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚፈጠር መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ማሽኑ አያውቅም። የተሰጠውን ይቆጥራል። ኮሌጅ ልትጎበኙ ስትሄዱ አንዱን አስተማሪ «ወይን ጠጁ ለምን ከቀዩ በኋላ ሆነ?» በሉት። «መመሪያው ስለሚል» ካላችሁ ሌላ ኮሌጅ እዩ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ የተማሪው ደኅንነት። ያልተከተበ ሰው የጉበት ቫይረስ ቢ ካለበት ታካሚ በተወሰደ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ እንደ ታካሚው ሁኔታ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የኤችአይቪው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሰው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ግን ክትባት አለው። ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ልምምድ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው የሚታሰብ ነገር አይደለም። ኮሌጁ ተማሪውን ሳያስከትብ ሆስፒታል የሚልክ ከሆነ ጓንትም ላይሰጠው ይችላል። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ። በቀጥታ የመርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ። ከተወጋችሁም ደብቃችሁ ቤት አትሂዱ። ተማሪ «ይቆጡኛል» ብሎ ዝም ይላል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፣ በቶሎ ሲጀመርም ነው የሚሻለው።

በነገራችን ላይ የደም ባንኩ ሌላ ዓለም ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ደም ባንክ አለ። እዚያ የሚቀዳው የሻይ ማንኪያ አይደለም፣ እስከ 450 ሚሊ ሊትር ነው። መርፌውም ወፍራም ነው። ለጋሹን መመዘን፣ ሄሞግሎቢኑን ማየት፣ ሲደነግጥ ማረጋጋት፣ ከቀዱ በኋላ ለስላሳ አጠጥቶ ማሳረፍ አለ። ከደም ሥር ናሙና መውሰድ የቻለ ሁሉ ይሄን ይችላል ማለት አይደለም። የሚቀጥሩትም ቀድሞ ፈቃድ ያለውን ነርስ ወይም የላብራቶሪ ባለሙያ ነው።

እንግዲህ አጭሩ የፍሌቦቶሚ ሥልጠና ለማንም አይጠቅምም ማለቴ ነው? አይደለም። የሚጠቅመው ፈቃድ ላለው ሰው ነው። አራት ዓመት ተምራ፣ በልምምድ ጊዜ ከኋላ ቆማ ያሳለፈች ነርስ አለች። ሕፃን ሲመጣባት እጇ የሚንቀጠቀጥ። ሁልጊዜ «እስቲ አንተ ሞክርልኝ» እያለች ጓደኛዋን የምትጠራ። ለእሷ የአንድ ሳምንት የተግባር ሥልጠና ወርቅ ነው። አስቸጋሪ ደም ሥር፣ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ የናሙና አያያዝ ላይ ያተኮረ ይሁን። የሙያ ፈቃድ ሲታደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ፣ ማለትም የሲፒዲ ነጥብ ስለሚጠየቅ፣ አሠልጣኙ እውቅና ያለው የሲፒዲ ሰጪ መሆኑንና ነጥቡ ሰርተፊኬቱ ላይ መጻፉን ከመመዝገቧ በፊት ትጠይቅ።